በአንድ ቀን የተቀረጸ ሸክላ፣ አርባ ዓመት ያልታረመ ግጥም፦ የባንድ ኤይድ ነጠላ ዜማ ሲገመገም

ባንድ ኤይድ በሚል ስም የተሰባሰቡ የእንግሊዝና የአየርላንድ ሙዚቀኞች በኅዳር 1977 ዓ.ም. የቀረጹት «ዱ ዘይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ» ማለትም «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» የተሰኘው ነጠላ ዜማ ሲነሣ፣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ወደ እርዳታውና ወደ ገንዘቡ ይሄዳል፤ ስለ ሸክላው እንደ ሙዚቃ ሥራ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ሸክላውን ነው፤ እንዴት እንደ ተጻፈ፣ እንዴት እንደ ተቀረጸ፣ እንዴት ለገበያ እንደ ቀረበና በተለያዩ ዓመታት እንዴት ተመልሶ እንደ ተሠራ። ዓ.ም. የሚል ከሌለበት በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ በአንድ ቀን ውስጥ ተቀርጾ ያለቀው የ1984ቱ ቅጂ በድምፅ ጥራቱም ሆነ በስሜቱ ከእርሱ በኋላ ከወጡት ሁሉ ይበልጣል፤ የግጥሙ ጉድለት ደግሞ በጊዜው ከነበረው ጥድፊያ የመጣ ስለሆነ የ1984ቱን ሰዎች በመጠኑም ቢሆን ሊያስተዛዝንላቸው ይችላል፣ ጊዜና ምክር ሳያጡ ያንኑ ጉድለት ይዘው የቀጠሉትን ግን አያስተዛዝንላቸውም።

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ስለ ኢትዮጵያው ረሃብ ከኮረም ያዘጋጁት ዘገባ በቴሌቪዥን በተላለፈበት ዕለት ነው። ዘገባውን ከተመለከቱት አንዱ የቡምታውን ራትስ ባንድ ድምፃዊ የነበረው አየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍ ሲሆን፣ እርሱም የአልትራቮክስ ባንድ መሪ ከነበረው ከስኮትላንዳዊው ሚጅ ዩር ጋር ተነጋግሮ ለገና ገበያ የሚደርስ ዘፈን ለመሥራት ተስማሙ። የሌላ ሰው ዘፈን ተውሰው ቢዘፍኑ የደራሲው ድርሻ ከገቢው ላይ ስለሚነሣ አዲስ መጻፍ ግድ ሆነ፤ ጊዜው ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ ጌልዶፍ የራሱ ባንድ ሳይቀበለው የቀረ የቆየ ዘፈኑን አውጥቶ በላዩ ላይ አዲስ ስንኝ አሰፈረበት፤ ዩር ደግሞ በአንዲት ትንሽ የቁልፍ መሣሪያ ላይ የደወል ቃና ያለው የገና ዜማ ሠርቶ ላከለት፤ ሁለቱ ቁርጥራጮችም ተሰፍተው አንድ ዘፈን ሆኑ። ልብ ብሎ ለሚያዳምጥ ስፌቱ ዛሬም ይታያል፤ የመጀመሪያዎቹ ስንኞች አንድ ሰው በጭንቀት የሚያንጎራጉራቸው ሲመስሉ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው አዝማች ከሌላ ዘፈን የተወሰደ ያህል ደስተኛ ነው።

በዚህ የጽሑፍ ሂደት ውስጥ ለእኛ አንባቢዎች ከሁሉ የሚበልጥ ክብደት ያለው አንድ ትንሽ ነገር አለ። ጌልዶፍ መጀመሪያ በጻፈው ስንኝ በዚህ ገና በረዶ አይጥልባትም የተባለችው አገር ኢትዮጵያ ነበረች፤ ዩር ግን የአገሪቱ ስም ከዜማው ልኬት ጋር አልገጥም ስላለው በምትኩ «አፍሪካ» የሚለውን አስገባ። በዚህም ምክንያት ስለ ወሎና ስለ ትግራይ ረሃብ የተሠራው ዘፈን የኢትዮጵያን ስም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ያልቃል። በቀለሞች ቁጥር የተደረገች ይህች ማስተካከያ፣ በአንድ አገር በአንድ ዘመን የደረሰን መከራ የአንድ ሙሉ አህጉር ጠባይ አስመስላ አስቀረችው። ግጥምን ለዜማ ማስገበር በየትኛውም ቋንቋ ያለ የዘፈን ጸሐፊ ችግር እንደ መሆኑ ዩርን በክፋት መጠርጠር አይገባም፤ ውጤቱ ግን ይኸው ነው።

ለፕሮዲዩሰርነት መጀመሪያ የታሰበው በዚያ ዓመት ፍራንኪ ጎዝ ቱ ሆሊዉድ የተባለውን ቡድን በየሬዲዮው ያስነገሠው ትሬቨር ሆርን ነበር። ሆርን በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው በመሆኑ ስድስት ሳምንት እንደሚያስፈልገው ተናገረ፤ በዚህ ስሌት ሸክላው ለገና ሊደርስ ስለማይችል ፕሮዲዩሰርነቱ በዩር ላይ ወደቀ፣ ሆርን ደግሞ ለንደን ኖቲንግ ሂል ውስጥ የሚገኘውን ሳርም ዌስት ስቱዲዮውን ለ24 ሰዓት ያለ ክፍያ ሰጠ። ዩር አጃቢውን ሙዚቃ ምዕራብ ለንደን ቺዝዊክ ውስጥ በሚገኘው የቤቱ ስቱዲዮ ውስጥ አስቀድሞ ሠርቶ ጨረሰ። በመግቢያው ላይ የሚሰማው ከባድና የሚያስተጋባ የከበሮ ምት ቲርስ ፎር ፊርስ ከተባለው ባንድ አልበም ላይ የተወሰደ ናሙና ሲሆን፣ በእኔ ግምት የዘፈኑን መንፈስ ከማንኛውም ድምፃዊ በላይ የወሰነው እርሱ ነው።

ቀረጻው የተካሄደው እሑድ ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ወይም ኖቬምበር 25 ቀን 1984 ነው። ድምፃውያኑ በመጀመሪያ በአንድነት ቆመው አዝማቹን ከዘፈኑ በኋላ፣ ለብቻ የሚዘፍኑት እያንዳንዳቸው በሌሎቹ ፊት ወደ ማይክሮፎኑ እየቀረቡ ስንኞቹን አዜሙ፤ ዩር ደግሞ ከየቅጂው የሚሻለውን መስመር እየመረጠ አገጣጠመ። የስፓንዳው ባሌው ቶኒ ሃድሊ በጓደኞቹና በተቀናቃኞቹ ዓይን ሥር ለብቻው ሲዘፍን የመጀመሪያው ነበር። የመክፈቻው ስንኝ ለዴቪድ ቦዊ ታስቦ የነበረ ቢሆንም እርሱ መምጣት ስላልቻለ ለፖል ያንግ ተሰጠ። ቦይ ጆርጅ ኒው ዮርክ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ጌልዶፍ በስልክ ቀስቅሶት በኮንኮርድ አውሮፕላን ተሳፍሮ አመሻሹ ላይ ደረሰ። ፊል ኮሊንስ የራሱን ድራም ይዞ መጥቶ ከማሽኑ ምት በላይ በእጁ መታበት፤ ጆርጅ ማይክል፣ ስቲንግ፣ የዱራን ዱራኑ ሳይመን ለ ቦን፣ ባናናራማና ስታተስ ኩዎ ሁሉም ነበሩበት። የዩቱው ቦኖ የደረሰችው መስመር፣ መከራው በእናንተ ፈንታ በእነርሱ ላይ በመሆኑ ፈጣሪን አመስግኑ የምትለዋ፣ እጅግ ስላልጣመችው ለመዝፈን አቅማምቶ እንደ ነበር ይታወቃል። ሥራው ሌሊቱን ሲቀጥል አድሮ ሰኞ ማለዳ ላይ ድምፁ ተደባልቆ ለማተሚያ ተዘጋጀ። ስምና ዝናቸውን በር ላይ ትተው የተሰማሩበት የደቦ ሥራ ነበር ማለት ይቻላል፤ ደቦ እንደ መሆኑም እህሉን ያጨደ እንጂ እርሻው የማን እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ባለ 7 ኢንቹ ሸክላ ወደ አራት ደቂቃ የሚጠጋ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ደቂቃ ከእንግሊዝ የገና ዘፈኖች ልማድ ፈጽሞ የወጣ ነው። ደወል ይሰማል፤ ነገር ግን የሠርግ ሳይሆን የመርዶ ደወል ይመስላል። ከሥሩ የከበሮው ናሙና በዝግታ ይንከባለላል፣ የፖል ያንግ ድምፅም ምንም ሳይቸኩል ይገባል። ከእርሱ ወደ ቦይ ጆርጅ ሲሻገር የሁለቱ የድምፅ ቀለም ልዩነት ያለምንም ጌጥ ጎልቶ ይወጣል፤ ቦይ ጆርጅ ከረጅም በረራ በኋላ የዘፈነው ድምፅ ሸክላው ላይ ካሉት ሁሉ የበለጠ ሙቀት አለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጆርጅ ማይክል ሲገባ ቁመቱ ይጨምራል፣ ስቲንግና ለ ቦን ተደርበው ሲመጡ ጥላው ይጠልቃል፣ ቦኖም ያቺን መራራ መስመር ዝቅ አድርጎ ያልፋታል ተብሎ ሲጠበቅ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ ይጮኽባታል። የመስመሯን ይዘት ብጠላውም አዘፋፈኑ ትክክል ነው፤ የታፈነ ቁጣ የተሰማበት ብቸኛው ቦታ ስለሆነ። የኮሊንስ ድራም ከገባ በኋላ ዘፈኑ ወደ ጅምላ መዝሙርነት ይለወጣል፣ አዝማቹም ከሚገባው በላይ ተደጋግሞ እየደበዘዘ ያልቃል። ሰባትና ስምንት ድምፃውያን የተቀባበሉት ሥራ እርስ በርስ ሳይጣላ መቆሙ የዩር የማደባለቅ ችሎታ ውጤት ነው፤ ለስድስት ሳምንት ሥራ በ24 ሰዓት የተገኘ ምትክ ነው ለማለት አያሳፍርም።

በጀርባው ገጽ ያለው «ፊድ ዘ ወርልድ» ያው አጃቢ ሙዚቃ ሆኖ በላዩ ላይ ቀረጻው ላይ ያልተገኙት ቦዊና ፖል ማካርትኒ፣ እንዲሁም ሌሎች፣ በስልክም በአካልም ያስተላለፏቸው አጫጭር መልእክቶች የተጫኑበት ነው። እንደ ሙዚቃ ደግሞ ለመስማት የሚያጓጓ አይደለም። ሽፋኑን የሠራው የቢትልስን ታዋቂ የአልበም ሽፋን በመሥራት የሚታወቀው ሠዓሊ ፒተር ብሌክ ሲሆን፣ በቀለም ያሸበረቁ የድሮ የገና ካርድ ሥዕሎችን ከተራቡ ሕፃናት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦበታል። ሽፋኑ ከግጥሙ ይልቅ ሐቀኛ ነው፤ የጠገበውንና የተራበውን ያስተያያል እንጂ የተራበው ምን እንደሚያውቅና እንደማያውቅ አይናገርም።

ሸክላው በዲሴምበር የመጀመሪያ ቀናት በፎኖግራም በኩል ወጥቶ በ1.35 ፓውንድ ተሸጠ። የቢቢሲው «ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» ገና የሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ ያልገባ ዘፈን አላቀርብም የሚል ደንብ ስለነበረው፣ ጌልዶፍ የቢቢሲ አንድ ኃላፊ የነበረውን ማይክል ግሬድን አግባብቶ ከእርሱ በፊት ያሉት ፕሮግራሞች አምስት ደቂቃ ቀደም ብለው እንዲጀምሩና በተገኘው ክፍተት ቪዲዮው እንዲታይ ተደረገ፤ መግቢያውን የተናገረው ቦዊ ነበር። ዘፈኑ በቀጥታ አንደኛ ሆኖ ገባ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ሚሊዮን በላይ፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ሦስት ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጠለት፣ በ1997 የኤልተን ጆን ሸክላ እስከሚበልጠውም ድረስ በእንግሊዝ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ የተሸጠ ነጠላ ዜማ ሆኖ ቆየ። የታቸር መንግሥት መጀመሪያ ከሽያጩ ላይ ታክሱን አልተውም ብሎ ከተከራከረ በኋላ የሕዝቡን ቁጣ አይቶ ከታክሱ ጋር የሚመጣጠን ገንዘብ ለእርዳታው ሰጠ። ጌልዶፍ ተስፋ ያደረገው 72 ሺህ ፓውንድ ያህል ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የተገኘው 8 ሚሊዮን ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮሎምቢያ አሳትሞት በቢልቦርድ ሰንጠረዥ ከ13ኛ ደረጃ ባይዘልም፣ በማግስቱ ጃንዋሪ ለተቀረጸው የአሜሪካኖቹ የኅብረት ዘፈን መነሻ ሆኗል። ሸክላው አንደኛ ሆኖ የቆየው አምስት ሳምንት ሲሆን፣ በዚህ ስሌት ታኅሣሥ 29 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የገና ዕለት፣ የእንግሊዝ ሕዝብ አንደኛ ዘፈን ኢትዮጵያውያን ገና መሆኑን ያውቁ እንደ ሆነ የሚጠይቀው ይኸው ዘፈን ነበር።

ወደ ግጥሙ እንለፍ። ኮረምም ላሊበላም በዚያን ጊዜ በአንድ ክፍለ ሀገር፣ በወሎ ውስጥ ነበሩ። ከኮረሙ የረሃብተኞች መጠለያ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባሉት የላስታ ተራሮች ላይ፣ የላሊበላ ካህናት በየዓመቱ የልደት ዕለት ቤተ ማርያም ላይ ወጥተው «ቤዛ ኩሉ» እያሉ ይዘምራሉ፤ ክርስትና ወደዚህ አገር የገባው በኢዛና ዘመን፣ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከረሃብተኞቹ መካከል እስላም የሆኑትም ቢሆኑ የጎረቤታቸውን የገና ቀን ከጌልዶፍ አይማሩትም። ዝናብና ወንዝ የለም የሚለው መስመር ደግሞ በከፊል ብቻ ይታለፋል፤ በዚያ ዓመት ዝናቡ በእርግጥ ቀርቶ ነበር፣ ነገር ግን ተከዜ የሚመነጨው ከዚያው ከላስታ ነው፣ ለረሃቡም ከሰማይ ይልቅ ጦርነትና የመንግሥት ፖሊሲ ያደረጉት አስተዋጽኦ ቀላል አልነበረም። ጌልዶፍ ጥያቄው ምጸት እንጂ መረጃ ፍለጋ እንዳልሆነ የሚከራከሩለት አሉ። እሺ ብለን ብንቀበል እንኳ፣ ምጸት የሚሠራው አድማጩ ትክክለኛውን ነገር አስቀድሞ ሲያውቅ ነው፤ የ1984ቱ እንግሊዛዊ አድማጭ ስለ ኢትዮጵያ ያለው እውቀት ደግሞ ከኮረም የመጣው ዘገባ ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከዚህ የተለየ መንገድ ይቻል እንደ ነበር የሚያሳይ ሌላ ሸክላ አለ። ፓሪስ ውስጥ ካሜሩናዊው የሳክስፎን ጌታ ማኑ ዲባንጎ እንደ ዩሱ ንዱር፣ ሳሊፍ ኬይታ፣ ሞሪ ካንቴና ሬይ ሌማ ያሉትን አሰባስቦ «ታም ታም ፑር ሌቲዮፒ» የተባለውን ዘፈን አስቀረጸ። ዓላማው አንድ ነው፣ ስሙ ላይ ግን አገሪቱ ተጠርታለች፣ ድምፁም የተራቡት የራሳቸው አህጉር ድምፅ ነው። ሽያጩ ከለንደኑ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሁለቱን አከታትሎ ለሚሰማ ሰው ግን የለንደኑ ሸክላ ምን እንደ ጎደለው ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባዋል።

ተመልሰው ስለ ተሠሩት ቅጂዎች። በ1985 ያው ሸክላ እንደገና ወጥቶ 3ኛ ደረጃ ደረሰ። በ1989 ኢትዮጵያ ዳግመኛ የረሃብ ሥጋት ላይ ስትወድቅ በፕሮዲዩሰሮቹ በስቶክ፣ ኤትከንና ዋተርማን የተሠራው ባንድ ኤይድ ሁለት፣ ካይሊ ሚኖግንና ጄሰን ዶኖቫንን ይዞ ሦስት ሳምንት አንደኛ ቢሆንም፣ የዳንስ ቤት ምት የተጫነበትና የመግቢያውን ጨለማ ሙሉ በሙሉ ያጠፋ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ዘፋኞች የተመለሱትም ባናናራማ ብቻ ናቸው፤ ሰዎች ስለ ረሱት አያሳዝነኝም። የ2004ቱ የሬዲዮሄድ ባንድ ፕሮዲዩሰር በሆነው በናይጀል ጎድሪች እጅ የተሠራ ስለሆነ በድምፅ ጥራቱ ከተከታዮቹ ሁሉ የተሻለ ነው። በ1984 የስልክ መልእክት ብቻ የነበረው ማካርትኒ በዚህኛው ቤዝ ጊታር ይጫወታል፣ የሬዲዮሄዱ ቶም ዮርክ ፒያኖ ላይ ተቀምጧል፣ ቦኖም ያችኑ መስመሩን ሊዘፍን ተመልሶ መጥቷል፤ ዲዚ ራስካል ያስገባው ራፕ ደግሞ በዘፈኑ ላይ አዲስ የተጨመረ ብቸኛው ክፍል ነው። በዚህ ጊዜ የእርዳታው ምክንያት በሱዳን የዳርፉር ቀውስ ነበር፤ ነዋሪዎቿ እስላሞች ለሆኑባት ዳርፉር የገና ጥያቄ ማቅረብ ምን ያህል ትርጉም እንዳለው ለመጠየቅ የደፈረ ግን ስቱዲዮው ውስጥ የነበረ አይመስልም።

በ2014 በምዕራብ አፍሪካ ለተነሣው የኢቦላ ወረርሽኝ የተሠራው ቅጂ ብቻ ነው ነባሩን ግጥም በእጁ የነካው። ቦኖ የማይወዳት መስመር ተነሥታ ስለ መድረስና ስለ መዳሰስ በሚናገር ሌላ መስመር ተተካች፤ መዳሰስ በሽታውን በሚያስተላልፍበት ጊዜ መሆኑ ግን የታሰበበት አይመስልም። ርእሱና የርእሱ ጥያቄ ግን እንዳሉ ቀሩ፤ ጊኒና ሴራሊዮን አብዛኛው ሕዝባቸው እስላም መሆኑም ለውጥ አላመጣም። ድምፃዊቷ ኤሚሊ ሳንዴ እርሷና ሌላዋ ድምፃዊት አንጄሊክ ኪጆ ያቀረቧቸው ማስተካከያዎች በመጨረሻው ቅጂ ላይ እንዳልገቡ ተናግራለች፤ ትውልደ ጋናዊው ሙዚቀኛ ፊውዝ ኦዲጂ ደግሞ ግጥሙን ካየ በኋላ ከነጭራሹ አልሳተፍም ብሏል። የጥድፊያ ሰበብ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው፤ አራሚ ሲቀርብ አልቀበልም ማለት ከአለማወቅ የተለየ ነገር ነው።

አርባኛው ዓመት በተከበረበት በኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ቅጂ አዲስ ቀረጻ የለውም፤ በ1984 ጊዜ አጥሮት የነበረው ትሬቨር ሆርን በ1984፣ በ2004 እና በ2014 የተቀረጹትን ድምፆች በአንድ ላይ አደባልቆ ወጣቱን ስቲንግ ከኤድ ሺራን ጋር፣ ወጣቱን ቦኖ ከሽማግሌው ቦኖ ጋር አዘፍኗል። ሺራን ግን ፈቃዱ እንዳልተጠየቀና ቢጠየቅ ኖሮ እምቢ እንደሚል በይፋ ተናግሯል፣ የፊውዝ ኦዲጂን አቋም እንደሚጋራም ገልጿል። በቴክኒክ ሥራው እንከን የለውም፤ ሽግግሮቹ ለስላሳ ናቸው፣ ድምፆቹም በዘመናት ልዩነት አይጋጩም። ይሁን እንጂ በ1984 አንዱ ድምፃዊ የሌላውን ፊት እያየ ሲዘፍን የነበረው ውጥረት እዚህ ላይ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፤ ብዙዎቹ ዘፋኞች በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው አያውቁምና።

ሸክላ ለሚሰበስብ ሰው የምመክረው የ1984ቱን ባለ 7 ኢንች ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ስለ ታተመ ብርቅ ዕቃ አይደለም፣ በውድ የሚያቀርብ ሻጭ ካለም መተው ይሻላል። ሲገዙ በተለይ የመጀመሪያውን ደቂቃ ማስሞከር ተገቢ ነው፤ ሙዚቃው ስስ የሆነው እዚያ ስለሆነ ጭረቱ የሚሰማውም እዚያ ነው፣ ከኮሊንስ ድራም በኋላ ያለው ግን ብዙ ጭረት ይሸፍናል። ሆርን ያኔ ደባልቆ ያወጣው ባለ 12 ኢንች ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ድምፆቹን አርቆ በመለያየትና አዝማቹን በማዘግየት የአጃቢውን ሙዚቃ አሠራር በግልጽ ያሰማል፤ የዩርን የቤት ስቱዲዮ ሥራ መመርመር ለሚፈልግ ሙዚቀኛ ከባለ 7 ኢንቹ ይልቅ ይጠቅማል፣ ለተራ አድማጭ ግን ይረዝማል።